ከእንግዳ መቀበያው ደብተር እስከ ጉግል፦ የኢሜይል ደብዳቤንና ዌብሳይትን አብሮ ማሠራት

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስልክ ይጠራል። ባለቤቷ ያነሳሉ። «አዎ ልጄ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በመኪና ነው የምትመጣው። አብሽር፣ ሰው እንልክልሃለን።» ስልኩ ይዘጋል። ቡናቸውን ሁለቴ ፉት ሳይሉ ሌላ ሰው ይደውላል። ጥያቄው ያው ነው።

እትዬ ነው የምላቸው። ዌብሳይታቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስሠራው የፊት ገጹ ላይ «እንኳን በደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ነበር። ከሥሩ የአልጋ ፎቶ፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። በቃ። እሳቸው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በቃላቸው የሚመልሱት ነገር አንዱም እዚያ ላይ አልነበረም። ሰው ደግሞ ጉግል ላይ የሚጽፈው ለእሳቸው ደውሎ የሚጠይቀውን ነው።

ሰው ጉግል ላይ እንዲያገኛችሁ ዌብሳይታችሁን ለደንበኛ ከምትልኩት ኢሜይል ጋር አብሮ ስለማሠራት የሚናገረው ይህ መመሪያ ለእንደዚህ ዓይነት ቤት ነው። ማረፊያ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ የመኪና ኪራይ፣ ክሊኒክ፣ ማሠልጠኛ ላላችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና አንድ ደብተር ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ጉግል ለሰው የላካችሁትን ኢሜይል በፍለጋ ውጤት ላይ አያወጣም። ደብዳቤው ተቀባዩ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። «ኢሜይል በብዛት ላኩ፣ ጉግል ላይ አንደኛ ትወጣላችሁ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የደብዳቤው ጥቅም የሚመጣው ዞሮ ነው። አዲስ ገጽ ስታወጡ የሚያየው ሰው ታገኛላችሁ። ካዩት መካከል አንዱ በራሱ ገጽ ላይ ሊንካችሁን ያስቀምጣል፤ ጉግል ደግሞ ከሌላ ገጽ የመጣን ሊንክ እንደ ምስክር ቃል ይቆጥረዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ለደብዳቤው መልስ መጻፉ ነው። መልሱ ውስጥ ያለችው ጥያቄ የሚቀጥለው ገጻችሁ ናት።

1. በሩ ክፍት መሆኑን እዩ

የእትዬን ዌብሳይት ከሠራሁ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ጉግል ላይ የለም። በስሙ ብንፈልገው እንኳ አይመጣም። ምክንያቱን ያገኘሁት አንድ ማታ ነው። ዌብሳይቱን የሠራሁበት ዎርድፕረስ የሚባለው ፕሮግራም ላይ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሥራው እስኪያልቅ ብዬ ምልክት አድርጌባት ነበር። ሳላነሳት ረሳኋት። ሦስት ወር የሰው ገበያ ዘግቼ ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሷን እዩ። ዌብሳይቱን ሌላ ሰው ከሠራላችሁም ቁጭ ብላችሁ አብራችሁት እዩ።

ቀጥሎ ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዝገቡ፤ ዌብሳይታችሁ ጉግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ ነው። ነፃ ነው። ዌብሳይቱ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሳይትማፕ አስገቡ። ሳይትማፕ ማለት የገጾቻችሁ ዝርዝር ነው፤ ዎርድፕረስ በራሱ ያወጣዋል። ከዚያ ጉግል የትኛውን ገጽ እንደመዘገበ፣ የትኛውን እንደተወ ታያላችሁ።

የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይልም ክፈቱ። ካርታ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት። እዚያ ያለው ስልክ ቁጥር ዌብሳይቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

2. ደብተር ክፈቱ

ለእትዬ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁላቸው። ስልኩ አጠገብ፣ እስኪርብቶው በክር ታስሮ ተቀመጠ። ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ የሚደውል ሰው የሚጠይቅዎትን በራሱ አፍ እንዳለው ይጻፉልኝ። እንዳያሳምሩት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከፈትኩ። «ኤርፖርቱ ደሴ ነው ኮምቦልቻ?» «ሙቅ ውሃ አላችሁ?» «ለግሸን ስንመጣ አልጋ ይገኛል?» «ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት ትገባለች?» «ማታ ብንደርስ ትከፍታላችሁ?» «መኪና ማቆሚያ አለ?» አንዳንዱ ጥያቄ ጎን ላይ መስመር መስመር ተደርጎበታል። ስንት ሰው እንደጠየቀ መቁጠራቸው ነው። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም።

ብዙ ሰው ለፍለጋ የሚሆን ቃል የሚያወጣው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። «ምርጥ ሆቴል በደሴ»፣ «ተመራጭ አገልግሎት»፣ «ዘመናዊ መስተንግዶ»። «ተመራጭ መስተንግዶ እፈልጋለሁ» ብሎ የደወለ ሰው ግን ደብተሩ ላይ የለም። ሰው «ሙቅ ውሃ» ነው የሚለው። ጉግል ላይም ሙቅ ውሃ ብሎ ይጽፋል። እናንተም ሙቅ ውሃ ብላችሁ ጻፉ።

በኢሜይልና በቴሌግራም የሚመጣውን ጥያቄም እዚያው ደብተር ላይ ጨምሩ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። አንድ ወር ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው።

3. አንድ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ

ብዙ መስመር የተደረገባትን ጥያቄ ምረጡ። ለእሷ ብቻ አንድ ገጽ ሥሩ። ሁሉንም ጥያቄ አንድ ገጽ ላይ አታጭቁ፤ አንባቢውም ይደክማል፣ ጉግልም ገጹ ስለምን እንደሆነ ለመረዳት ይቸገራል።

የእኛ የመጀመሪያ ገጽ የኤርፖርቱ ነበር። ርዕሱን እንዲህ አልነው፦ «ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ደሴ፦ መንገዱ፣ መኪናውና የሚፈጀው ጊዜ»። ዋናው ቃል ፊት ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ጉግል ደግሞ ረዥም ርዕስን መጨረሻው ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ፊት አታስቀድሙ፣ መጨረሻ ላይ ይግባ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ነው፦

«ደሴ ውስጥ ኤርፖርት የለም። በአየር የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ዳገት ስለሆነ ርቀቱን አይታችሁ ጊዜውን አትገምቱ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር ቀስ ይላል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ይሞቃችኋል፤ ደሴ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነውና ጃኬታችሁን ከሻንጣ አውጥታችሁ ያዙ።»

ጃኬቱን የጨመሩት እትዬ ናቸው። ገጹን ሳነብላቸው «ሰዎቹ በርዷቸው ነው የሚደርሱት፣ እሱን ንገራቸው» አሉኝ። የትም ተገልብጦ የማይገኘው እንዲህ ያለው መስመር ነው። ቦታው ላይ የሚኖር ሰው ብቻ ያውቀዋል። ጉግልም ሆነ አንባቢ የሚፈልገው የራስ ልምድ ያለበትን ገጽ ነው።

መልሱ መጀመሪያ ይምጣ። ታሪኩ፣ ምስጋናው፣ «እኛ ማን ነን» የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚያነበው። ሦስት አንቀጽ ወርዶ መልሱን ካላገኘ ወጥቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ፊደሉ። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የራሳችን ፈተና አለን። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ፤ ግሸን፣ ግሼን፤ ኮምቦልቻ፣ ኮምበልቻ። ሁሉም ይጻፋል፣ ሁሉም ይፈለጋል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ርዕሱ ላይና የገጹ አድራሻ ላይ አንዱን አጻጻፍ እመርጥና እሱን እይዛለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ሌላኛው አጻጻፍ አንድ ቦታ በተፈጥሮው እንዲገባ አደርጋለሁ፤ ለምሳሌ «አንዳንዶች ግሼን ብለው የሚጽፉት» በሚል። ሦስቱንም አጻጻፍ በሰልፍ መደርደር ግን ያስጠላል። አንድ የኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት ገጹን ስከፍተው ከታች «የብረት በር ኮምቦልቻ የበር ብረት ኮምቦልቻ በር ሥራ ኮምቦልቻ» የሚል ሰባት መስመር ነበረው። ጉግል ይህን ዓይነት ድርደራ እንደ ማጭበርበር ነው የሚያየው። አጠፋንላቸው። ገጹ ጀርባ ላይ በስውር የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግሯል። እዚያ ላይ ጊዜ አትፍጁ።

የቆዩ ጽሑፎች ካሏችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዱሮ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ብዙው ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ የሚያነበው የፊደል ኮድ፣ አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም በየቢሮው አሮጌው ፎንት ለብዙ ዓመት ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ እናንተ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ በሌለበት ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ጉግልም የሚያነበው ዝብርቅርቁን ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው፤ ካልሆነ እንደገና ጻፉት። ዋጋ ዝርዝርን በፎቶ ማስቀመጥም ያው ችግር አለው። ፎቶው ይኑር፣ ግን ዋጋውን ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት።

የገጹን አድራሻ ራሱን በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት። በግዕዝ ሲሆን አሳሹ ላይ ያምራል፣ ኮፒ ሲደረግ ግን በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረዥም ገመድ ይሆናል። ሰው ለጓደኛው ሲልከው ይፈራዋል።

ሰዓትና ቀንም ተጠንቀቁ። «ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን» ስትሉ የአገሬው ሰው ይገባዋል፤ የእንግሊዝኛ ገጽ ካላችሁ ግን እንግዳው ቀትር ላይ መጥቶ ይቆማል። እንግሊዝኛው በራሱ ገጽ ላይ ይሁን፣ ሰዓቱም ቀኑም በእነሱ አቆጣጠር ይጻፍ። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ አትቀላቅሉ። አማርኛውን በማሽን ተርጉማችሁ ሳታዩ አታውጡ፤ አንድ ሰው ያንብበው።

ዋጋ መጻፍ የሚፈሩ አሉ። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቅዎት በካሬ ስንት ነው ብሎ ነው» ስላቸው «ጎረቤቴ አይቶ ይቀንስብኛል» አሉኝ። ሥጋታቸው ልክ ነው። የላሜራው ዋጋም በየጊዜው ይቀያየራል። ስለዚህ ዋጋው ሳይሆን አሠራሩ ተጻፈ፦ የላሜራው ውፍረት ምን ያህል ሲሆን ምን እንደሚለወጥ፣ ቀለሙና ገጠማው ተካቶ እንደሆነ፣ ልኬት ሲወሰድ ደንበኛው ምን ማዘጋጀት እንዳለበት። ደንበኛ የሚፈልገው ሲደውል እንዳይታለል ማወቅን ነው። ያን ያገኘበትን ቤት ያምናል።

4. አድራሻ መሰብሰብ

እውነቱን እንነጋገር። ደሴ ላይ ኢሜይሉን በየቀኑ የሚከፍት ሰው ብዙ አይደለም። ብዙው ሰው የጂሜይል አድራሻ ያወጣው ስልኩ ስለጠየቀው ነው። የሚስጥር ቁጥሩንም ረስቶታል። የሠፈር ደንበኛን በቴሌግራም ቻናል ያዙት።

ኢሜይል የሚሠራው ለሌላው ነው። ለሥራ ለሚመጣ የድርጅት ሠራተኛ፣ ግዢ ክፍል ላለ ሰው፣ ወርክሾፕ ለሚያዘጋጅ፣ ውጭ ለሚኖር ወሎዬ፣ ለአስጎብኚ። እነዚህ ኢሜይል ያነባሉ። አለቃቸውም የሚፈቅደው በኢሜይል የመጣውን ነው። ደግሞም የራሳቸው ዌብሳይት ያላቸው፣ ሊንክ ሊሰጧችሁ የሚችሉት እነዚሁ ናቸው። 60 እንዲህ ያሉ አድራሻዎች ከ2,000 የማይታወቁ ይበልጣሉ።

እንግዳ ሲመዘገብ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ስለ ጉዞና ስለ አልጋ በወር አንድ ጊዜ ኢሜይል ብንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» አዎ ያለውን ብቻ ያዙ። ከሰው የተገዛ ዝርዝር አትንኩ። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሰው አድራሻ ያለ ፈቃዱ የሚዞር ዕቃ አይደለም። ከሕጉ በፊት ደግሞ ነውር ነው።

ዌብሳይቱ ላይም የመመዝገቢያ ቦታ አድርጉ። ቦታው የፊት ገጹ ላይ ብቻ አይሁን። ጥያቄውን የመለሳችሁበት ገጽ መጨረሻ ላይም ይሁን፤ ሰው ልቡ የሚከፈተው ከተረዳ በኋላ ነው። ገጹ ገና ሳይከፈት ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን መስኮት አታምጡ። በስልክ ለሚያነብ ሰው በጣም ያናድዳል፣ ጉግልም አይወደውም።

5. ደብዳቤው

ሙሉ ጽሑፉ ዌብሳይቱ ላይ፣ ጭማቂው ደብዳቤው ላይ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ገጹን አውጡ። ሰርች ኮንሶል ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ከዚያ ደብዳቤውን ላኩ። ሙሉውን ኢሜይል ላይ ብቻ ጽፎ የሚልክ ሰው ልፋቱን ሳጥን ውስጥ ቀብሮ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ነሐሴ ላይ ከእትዬ ጋር የላክነው ይህን ይመስላል፦

«ርዕስ፦ ለግሸን የምትመጡ፣ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት

ጤና ይስጥልን። መስከረም 21 ሲቃረብ ደሴ አልጋ ይጠፋል። አምና ማታ ደርሰው አልጋ ያጡ እናቶችን አይተናል፤ አዝነናል። ስለዚህ ዘንድሮ ቀድመን ጻፍንላችሁ። በስንት ቀን ቀድሞ መያዝ እንደሚሻል፣ ከደሴ ወደ ግሸን መኪና የት እንደሚገኝ፣ ለአዛውንት ምን መያዝ እንዳለበት እዚህ ገጽ ላይ አስቀምጠናል። ያልመለስነው ጥያቄ ካለ ለዚህ ኢሜይል መልሱልን፣ እናነበዋለን።»

ያ ብቻ ነው። ሊንኩ አንድ ነው። «እዚህ ይጫኑ» ከማለት ሊንኩን ራሱን ቃሉ ላይ አድርጉት፤ «ከደሴ ወደ ግሸን የጉዞ ገጽ» በሚለው ላይ። ፎቶ ካስገባችሁ አንድ ይበቃል።

ሁለት ሦስት ቴክኒካዊ ነገር። አንደኛ፣ በራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም በዌብሳይታችሁ ስም በሚያልቅ የኢሜይል አድራሻ ላኩ። ከተራ የጂሜይል አድራሻ በጅምላ መላኪያ የሚላክ ደብዳቤ ስፓም (የማይፈለግ ደብዳቤ የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት መዝገቦች ዶሜይናችሁ ላይ ይሞሉ። ደብዳቤው በእርግጥ ከእናንተ መምጣቱን ያስረዳሉ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ላይ አጥብቀዋል። እንደ ብሬቮና ሜይልቺምፕ ያሉት መላኪያዎች ምን እንደሚሞላ ያሳዩአችኋል፤ ዶሜይኑን ያወጣላችሁ ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ሦስተኛ፣ ከዝርዝሩ መውጫው በግልጽ ይታይ። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል፣ ያ ደግሞ ለሌሎቹም መድረሱን ያበላሻል።

ጂሜይል ከ102 ኪሎ ባይት በላይ የሆነን ደብዳቤ መሃል ላይ ይቆርጠዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ማሳጠር ያለብን ለዚህም ነው። መውጫው ታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሰዓቱን ስታስተካክሉ መላኪያው በፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር አትርሱ። ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 9 ነው የምትሞሉት። ለቢሮ ሰው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት የላካችሁት እስከ ሰኞ ይረሳል። ይህ የእኔ ልምድ ነው፣ እናንተም የራሳችሁን ሞክሩ።

በዚያው ቀን ያንኑ ሊንክ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አድርጉ። ጽሑፉን ግን ለጓደኛ እንደሚነገር አድርጋችሁ አሳጥሩት።

6. መልሱን ወደ ገጹ መልሱ

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ስንት ሰው ከፈተ የሚለውን ቁጥር ብዙ አትመኑ። አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤውን ሰው ሳያየው እንደተከፈተ የሚያስቆጥር ጥበቃ አለው። የምታዩት ሁለት ነገር ነው። ስንት ሰው ሊንኩን ጫነ? ምን ብሎ መለሰ?

ለግሸኑ ደብዳቤ ከመጡት መልሶች አንዱ ከአንዲት እናት ልጅ ነበር። «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና እስከየት ይደርሳል?» ይላል። እትዬ አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ ስልክ አንስተው መንገዱን ለሚሠራ ሹፌር ደወሉ። ሹፌሩ በስልክ የነገራቸውን እሳቸው ጮክ ብለው ደገሙት፣ እኔ ጻፍኩት። ገጹ ላይ «አዛውንት ይዘው ለሚመጡ» የሚል ንዑስ ርዕስ ያን ዕለት ተጨመረ። ለልጁም ያንኑ ላክንለት። አንድ ሰው ጽፎ ከጠየቀ፣ ሳይጽፍ የፈለገው ብዙ ነው።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ። የአፈጻጸም ገጹ ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ እንደታያችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንቴ እንደተጫነ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደነበራችሁ ያሳያል። እስከ 16 ወር ድረስ ወደ ኋላ ይይዛል። እኔ መጀመሪያ የማየው ብዙ ታይቶ ጥቂት የተጫነውን ነው። እዚያ ላይ ገጹ ሳይሆን ርዕሱ ነው የሚበዛውን ጊዜ ችግሩ። ርዕሱን ሰው በጻፈው ቃል አስተካክሉት። ቀጥዬ የማየው ከ8ኛ እስከ 20ኛ ላይ ያሉትን ነው። ጥቂት ቢገፉ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይገባሉ፣ ወይም እዚያው ከፍ ይላሉ። እነሱን ለማሳደግ አዲስ ገጽ አያስፈልግም፤ ያለው ላይ የጎደለውን መልስ ጨምሩ፣ ከሌሎች ገጾቻችሁም ወደዚያ ሊንክ አድርጉ። የሚቀጥለው ደብዳቤም እሱን ያንሳ።

አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰውም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ታገኛላችሁ። ለእሱ ብላችሁ ገጹን በላቲን አትሙሉት። የገጹ አድራሻ በላቲን መሆኑ በቂ ነው።

ከሌላ ሰው ሊንክ ስለማግኘት፦ አትግዙ። በገንዘብ የተገዛ ሊንክ የጉግልን ደንብ ይጥሳል፣ ሲታወቅ ይጎዳል። ይልቅ ደብዳቤያችሁ ለሚደርሳቸው አስጎብኚዎችና ድርጅቶች በግል ጻፉላቸው። «የሐይቅ እስጢፋኖስ ገጻችን ላይ ሴቶች ወደ ገዳሙ እንደማይገቡና በጀልባ ስለመሄድ ጽፈናል፤ ለእንግዶቻችሁ ከጠቀመ ተጠቀሙበት» በሉ። ሁለቱ እምቢ ይላሉ፣ አንዱ ያስቀምጠዋል። እሱ ይበቃል።

7. የወሎ ዘመን አቆጣጠር

እዚህ አገር ፍለጋ በወቅት ነው የሚሄደው። መስከረም ለግሸን። ታኅሣሥ መጨረሻ ለገና፣ ወደ ላሊበላ በደሴ የሚያልፈው ብዙ ነው። መውሊድ ደግሞ ወደ ጀማ ንጉሥ። መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል፤ ባለፈው ዓመት ቀን ደብዳቤ ካዘጋጃችሁ ያመልጣችኋል።

ብዙ ሰው ገጹን የሚያወጣው በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ጉግል ገና ሳያውቀው በዓሉ ያልፋል። ከሁለት ወር በላይ ቀደም ይበል። ለግሸን ሐምሌ አጋማሽ ማለት ነው።

ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ገጽ አትክፈቱ። የገጹ አድራሻ ላይ ዓመተ ምሕረት አታድርጉ። አንድ ገጽ ይኑር፣ በየዓመቱ እሱኑ አድሱት። አምና የተሰጠው ሊንክ፣ አምና ያገኘው ቦታ ከእሱ ጋር ይቆያል። ርዕሱ ላይ ያለውን ዓመት ግን ቀይሩ፤ ዋጋውን፣ የመኪናውን ሁኔታ፣ ስልኩን አንድ በአንድ ደውላችሁ አረጋግጡ። ምንም ሳይለወጥ ቀኑን ብቻ አዲስ ማድረግ አንባቢን ማታለል ነው።

ደብዳቤው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንዴ፣ ጳጉሜን ላይ አንዴ ይሂድ። ሁለተኛው የቀረ አልጋ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ «ሞልቷል» ብላችሁ ጻፉ፣ ገጹ ላይም እንዲሁ። ሰው ሳይደክም ሌላ ቤት ይፈልግ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 25 አካባቢ፣ አርፈው ለሄዱት አጭር ደብዳቤ ላኩ። ሽያጭ የለበትም፣ ሊንክም የለበትም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ሳይነገረን ቀርቶ የቸገረን ነገር አለ የምትሉት ምንድን ነው?» የሚመጣውን መልስ እንዳለ፣ ሳታሳምሩ፣ ስልኩ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ገልብጡት።